«ምንም አይፈጠርም»፦ የ15,000 ዶላሩ ፊልም ሃያስያንን ለምን ለሁለት ከፈለ?

አንድ መኝታ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። አልጋው በስተቀኝ ነው፤ ሁለት ሰዎች ተኝተውበታል። በስተግራ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ኮሪደር ጨለማ ነው። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ቆሟል፤ የሚነካው ሰው የለም። ከታች ጥግ ላይ የሌሊቱ ሰዓት ይቆጥራል። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ። ከዚያ በሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰና መልሶ ቆመ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም፣ ሙዚቃ የለም።

ትዕይንቱ የ«ፓራኖርማል አክቲቪቲ» ነው። ፊልሙ በ2009 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲወጣ የፊልም ሃያስያን ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ምንም ስለማይፈጠር ያስፈራል» አለ። ሌላኛው ደግሞ «ምንም ስለማይፈጠር ይሰለቻል» አለ። እስቲ ልብ በሉ፤ ሁለቱም ያዩት ነገር ላይ ተስማምተዋል። አንዱ የመደመር ምልክት አደረገበት፣ ሌላው የመቀነስ፤ ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ነው።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለት የማይገናኝ ውጤት ሲሰጥ ቶሎ ብሎ አንዱን ለካሚ ሞኝ ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን ሁኔታ ተለካ?» የሚለው ነው። የዚህን ፊልም የትችት ታሪክ በዚህ ጥያቄ ብናየው ስለ ፍርሃትም ስለ ትችትም ብዙ ነገር ይነግረናል።

ካሜራው የተገኘበት ታሪክ

ፊልሙ «የተገኘ ቪዲዮ» ከሚባለው ዘውግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የምታዩት ፊልም አይደለም፣ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የቀረጹት ቪዲዮ ነው፤ እነሱ የሉም፣ ካሴቱ ግን ተገኘ ይባላል።

ይህ ዘውግ ከመጀመሪያው አንስቶ ከተመልካችና ከሃያሲ ጋር ሲጋጭ የኖረ ነው። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሩጄሮ ዴኦዳቶ በ1980 «ካኒባል ሆሎኮስት» የተባለ እጅግ ዘግናኝ ፊልም ሠራ። የአገሩ ባለ ሥልጣናት ፊልሙን ወረሱበት። ተዋናዮቹ በእውነት ተገድለዋል የሚል ክስ ስለመጣበትም በሕይወት መኖራቸውን ማስረዳት ግድ ሆነበት።

በ1999 ደግሞ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» መጣ። ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ ሦስት ወጣት ተዋናዮችን ካሜራ አስይዘው ጫካ ውስጥ ለቀቋቸው። ተዋናዮቹ በገዛ ስማቸው ይጠራሉ፣ ንግግሩን ራሳቸው ይፈጥራሉ፣ ቀረጻውንም ራሳቸው ያካሂዳሉ። በማስታወቂያው ላይ ደግሞ «የጠፉ ሰዎች» ተባሉ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ታዋቂው አሜሪካዊ ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ አራቱንም ሰጠው፤ ኢንዲፔንደንት ስፒሪት የተባለውንም ሽልማት አገኘ።

አሁን ግርም የሚለውን ስሙ። የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች እየመረጠ የሚያሾፈው ጎልደን ራዝቤሪ፣ የዚያ ዓመት «መጥፎ ተዋናይት» ብሎ የመረጠው የዚሁ ፊልም መሪ ተዋናይት የነበረችውን ሄዘር ዶናሂውን ነው! ብዙ ሰው ልጅቷ በእውነት ጠፍታለች ብሎ እስኪያምን ድረስ የተወነች ሴት፣ ትወና አትችልም ተባለች። ይህን ያዙልኝ። በዚህ ዘውግ ሥራው ጥሩ ሲሆን ሥራ መሆኑ ይጠፋል። ሃያሲው የሚመዝነው ደግሞ የሚታየውን ነው፤ የተደበቀውን እንዴት አድርጎ ይመዝነው?

ፕሮግራመሩና ቤቱ

ኦረን ፔሊ ተወልዶ ያደገው እስራኤል ነው፤ አሜሪካ ገብቶ የሶፍትዌር ፕሮግራመር ሆኖ ይሠራ ነበር። የፊልም ትምህርት አልነበረውም። ሳን ዲዬጎ ከተማ አዲስ ቤት ሲገባ ሌሊት ሌሊት የሚሰማቸው ድምፆች ሐሳቡን እንዳጫሩበት በየቃለ መጠይቁ ተናግሯል። ቤት እንደሆነ ሌሊት ድምፅ ያሰማል፤ እንጨቱም ቆርቆሮውም በቀን ሙቀት ሰፍቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ይንቋቋል። ፔሊ ግን «ተኝቼ ሳለሁ ካሜራ ባቆምስ ምን አይ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ያህል የገዛ ቤቱን ሲያዘጋጅ ቆየ፤ ግድግዳ ቀባ፣ ዕቃ ቀያየረ። ከዚያ በ2006 በ7 ቀን ውስጥ ቀረጸው። ኬቲ ፌዘርስተንና ሚካ ስሎት የተባሉት ሁለት ተዋናዮች በገዛ ስማቸው ተወኑ። የተጻፈ ንግግር አልተሰጣቸውም፤ ሁኔታው ይነገራቸዋል፣ ቃሉን ራሳቸው ያመጣሉ። ለቀረጻው የወጣው 15,000 ዶላር ያህል ነው።

በ2007 ስክሪምፌስት፣ በ2008 መጀመሪያ ደግሞ ስላምዳንስ በተባሉ ፌስቲቫሎች ታየ። ድሪምዎርክስ የተባለው ስቱዲዮ ዲቪዲውን አይቶ ወደደው፤ ሊያደርግ የፈለገው ግን ሌላ ነበር። ታሪኩን ወስዶ በትልቅ በጀትና በታወቁ ተዋናዮች እንደገና ሊሠራው አሰበ። ፔሊና ፕሮዲውሰሩ ጄሰን ብለም አንድ ነገር ለመኑ፤ እንደገና ከመሠራቱ በፊት ይኸው ዋናው ፊልም ሰው በሞላበት አዳራሽ አንድ ጊዜ ይታይ አሉ።

ከዚያ የሆነው በፊልሙ ዙሪያ ደጋግሞ የሚወራ ታሪክ ነው። በሙከራው ቀን ሰዎች መሀል ላይ ተነሥተው መውጣት ጀመሩ። የስቱዲዮው ሰዎች «በቃ፣ ከሸፈ» ብለው አዘኑ። ኋላ ሲጣራ ሰዎቹ የወጡት ፈርተው ነበር። እዚህም ላይ ያው የምልክት ጉዳይ ነው፤ ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ለምን እንደወጣ ማወቅ ግን ሌላ ነው። አዲስ የመሥራቱ ሐሳብ ቀረ፤ ዋናው ፊልም መጨረሻው ተቀይሮ በፓራማውንት በኩል ወጣ።

ሁለት ሃያስያን፣ አንድ በር

ኢበርት ለዚህኛው ፊልም ከአራት ሦስት ኮከብ ተኩል ሰጠ። ያስደሰተው ዝምታውና ትዕግሥቱ ነበር። ከሚጣደፍ የምስል ቆረጣና ከኮምፒውተር ተአምር ይልቅ መጠበቅ የበለጠ ሰውን እንደሚይዝ ፊልሙ ምስክር ነው የሚል ነበር አቋሙ። አንጋፋው የአውስትራሊያ ሃያሲ ዴቪድ ስትራተን ግን ከመቀመጫው ንቅንቅ አላደረገውም፤ ፊልሙ አያስደነግጥም፣ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል፣ የተለመደ ነገር ነው ብሎ አጣጣለው።

የስትራተን ወገን ክስ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ ስስ ናቸው። ሚካ መንፈሱን እየተነኮሰ የሚያመጣው ጣጣ ተመልካችን ያናድዳል። «ለምን ቤቱን ለቀው አይሄዱም?» የሚለው የዘውጉ የዘወትር ጥያቄም አለ። ለዚህኛው ፊልሙ መልስ አዘጋጅቷል፤ መንፈሱ የሚከተለው ኬቲን ነው፤ ቤት ቢቀየር ፋይዳ የለውም። ሌሎቹ ትችቶች ግን እውነት አላቸው።

ታዲያ ትክክል ማን ነው? እስቲ ወደ በሩ እንመለስና መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንየው።

ሰዓቱና ጉርምርምታው

ፊልሙ ሌሊቱን ሙሉ አያሳየንም፤ አስሩጦ ያሳልፈዋል። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ይከንፋል። ከዚያ ድንገት ይረጋና እንደ ማንኛውም ሰዓት ሰከንድ በሰከንድ መቁጠር ይጀምራል። ከሱም ጋር ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይሰማል። የመጀመሪያው ሌሊት ይህ ለእናንተ ምንም አይደለም። ሁለተኛው ሌሊት ሰዓቱ ከረጋ በኋላ አንድ ነገር እንደሚመጣ ልብ ትላላችሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሰዓቱ ሲረጋ ብቻ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ፊልሙ መጀመሪያ እባቡን በትንሹ ያሳያችኋል፤ ከዚያ በኋላ ልጥ ብቻ እየወረወረ ይጫወትባችኋል።

ሁለተኛው ዘዴ ካሜራው አለመንቀሳቀሱ ነው። በ«ብሌር ዊች» ካሜራው በሰው እጅ ላይ ነበርና ይንቀጠቀጣል፤ ማዞር የያዛቸው ተመልካቾችም ነበሩ። ካሜራው ሲንቀጠቀጥ ምስሉ በሙሉ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ በዚያ መሀል አንድ በር ትንሽ ቢንቀሳቀስ ማን ያየዋል? በምህንድስና ቋንቋ፣ ረብሻው ምልክቱን ዋጠው እንላለን። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ሲቆም ግን ረብሻው ከሞላ ጎደል ዜሮ ይሆናል። አሁን የአንሶላ ጫፍ ብትነቃነቅ ዜና ናት።

ሦስተኛው ዘዴ እናንተው ውስጥ ነው። በራዳር ዘመን የመጣ «የምልክት ልየታ» የሚባል ንድፈ ሐሳብ አለ። ስክሪን ላይ አፍጥጦ አውሮፕላን የሚጠብቅ ወታደር አስቡ። ጠላት ሊመጣ ነው ከተባለ ጥርጣሬው ይጨምራል፤ ትንሿን ነጥብም «አውሮፕላን!» ይላል። እውነተኛው አውሮፕላን አያመልጠውም፤ የሐሰት ደወሉ ግን ይበዛል። የፊልሙ ተመልካችም እንደዚያ ወታደር ነው። ጨለማው ኮሪደር ውስጥ ሲያፈጥ የሌለ ጥላ ያያል። ያን ጥላ ፔሊ አልሠራውም፣ አምስት ሳንቲምም አልከፈለበትም። ሠሪውም ከፋዩም ተመልካቹ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ግማሹ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ግማሹ ተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ። ተመልካቹ ግማሹን ካልሠራ በእውነትም ምንም አይፈጠርም።

የት ሆናችሁ አያችሁት?

ፓራማውንት ይህን ሳይረዳው አልቀረም። ፊልሙን በመስከረም 2009 መጨረሻ መጀመሪያ ያሳየው በ13 የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ወጣት በሞላበት አዳራሽ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው «እኛም ጋ ይምጣልን» ብሎ በኢንተርኔት ድምፅ እንዲሰጥ ተጋበዘ፤ ጥያቄው አንድ ሚሊዮን ሲደርስ ፊልሙ በመላ አገሪቱ ወጣ። የማስታወቂያ ቪዲዮው ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቾቹን ያሳያል፤ በጨለማ በሚያይ ካሜራ የተቀረጹ ሰዎች ሲጮኹ፣ ዓይናቸውን ሲሸፍኑ፣ ጎረቤታቸው ላይ ሲለጠፉ። ስቱዲዮው ሲሸጥ የነበረው ራሱን አዳራሹን ነበር።

አሁን ይህንኑ ፊልም ከሰዓት በኋላ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በስልክ ላይ እንየው እንበል። ሦስት ነገር ይጠፋል። አንደኛ፣ የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለሆነ ወፍራምና ዝቅተኛ ድምፅ በቅጡ ማውጣት አይችልም፤ ያ ጉርምርምታ ወይ ይኮስሳል ወይ ጭራሽ አይሰማም። ሁለተኛ፣ ቪዲዮ እንዲያንስ ሲታመቅ መጀመሪያ መሥዋዕት የሚሆነው የጨለማ ቦታ ዝርዝር ነው። ኮሪደሩ ጥቁር ዳማ ሰሌዳ ይመስላል፤ እዚያ ውስጥ የሚያፈጡበት ነገር አይኖርም። ሦስተኛ፣ አብሮ የሚፈራ ሰው የለም። ትንፋሽን መያዝ ይጋባል፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን ከማን ይጋባበታል?

እንዲህ ያየ ሰው «ምንም አይፈጠርም» ቢል አልዋሸም። ለካው፤ የለካበት ሁኔታ ግን የፊልሙን ግማሽ አጥፍቶበታል። አዳራሽ ውስጥ አይቶት የሰለቸውም እንዳለ አልክድም፤ ጥላውን ለመሥራት ፈቃደኛ ያልሆነ ተመልካች ሁሌም ይኖራል፤ መብቱም ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ፊልም ከማየታችሁ በፊት ሮተን ቶሜቶስ ላይ ያለውን ፐርሰንት ታያላችሁ። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» እዚያ ከሃያስያን ከ80 በመቶ በላይ አለው፤ የተራ ተመልካቾች ውጤት ግን ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል። ይህን ልዩነት ለማንበብ ፐርሰንቱ ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ያስፈልጋል። 80 በመቶ ማለት «ፊልሙ ከ100 ውስጥ 80 አገኘ» ማለት አይደለም፤ ከመቶ ሃያስያን 80ዎቹ «ይታያል» አሉ ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። አሥር ሃያስያን ለአንድ ፊልም ሁሉም ከአሥር ስድስት ሰጡት እንበል። ሁሉም «ይታያል» ብለዋልና ውጤቱ 100 በመቶ ነው። ለሌላ ፊልም ደግሞ ሰባቱ አሥር ከአሥር፣ ሦስቱ አራት ከአሥር ሰጡ። አማካዩ 8.2 ነው፤ ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። ፐርሰንቱ ግን 70 ብቻ ነው። ሰውን ለሁለት የሚከፍል ፊልም በዚህ መለኪያ ሁልጊዜ ይጎዳል። ማንንም የማያስቀይም መካከለኛ ፊልም ግን ያተርፋል።

የገንዘቡም ቁጥር እንደዚሁ ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 193 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። 193 ሚሊዮንን ለ15,000 ስናካፍል ከ12,000 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ «በታሪክ ትርፋማው ፊልም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። ስሌቱ ግን ያልተሟላ ነው። 15,000 ዶላሩ የቀረጻው ብቻ ነው፤ ስቱዲዮው መብቱን የገዛበት፣ ድምፁንና መጨረሻውን ያስተካከለበት፣ ማስታወቂያ የሠራበት ገንዘብ ሲጨመር ሒሳቡ ሌላ ነው። ከቲኬቱም ትልቅ ድርሻ የሚቀረው ለሲኒማ ቤቱ ነው። ትርፉ ትልቅ መሆኑ አያከራክርም፤ ግን «15,000 ዶላር ይዞ ሚሊየነር መሆን» የሚለው ተረት ብዙ ወጣት ፊልም ሠሪ አሳስቷል። ተዋናዮቹም መጀመሪያ የተከፈላቸው 500 500 ዶላር እንደነበር ይነገራል፤ ሥራው ሲደበቅ ዋጋውም አብሮ ይደበቃል።

ልጡ ሲለመድ

ስቱዲዮው በየዓመቱ ተከታይ ያወጣ ጀመር። ሦስተኛው ክፍል፣ በ2011፣ አንድ ብልህ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ካሜራውን ግራና ቀኝ በሚዞር ቬንቲሌተር ላይ አሰረው። ካሜራው ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ቀስ ብሎ ይዞራል። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አያችሁ፤ ግን ካሜራው ማንንም አይጠብቅም፣ ዞሮ ይሄዳል፤ እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ። ብዙ ሃያስያን ይህን አድንቀዋል፤ ገቢውም ከ200 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

ከአራተኛው በኋላ ግን ትችቱ እየከበደ፣ ገቢውም እየወረደ ሄደ። ተመልካቹ ሰዓቱንም ጉርምርምታውንም ለምዶታል። የማይነድፍ ልጥ ደጋግሞ ያየ ሰው ኋላ ላይ እባቡም ቢመጣ አይበረግግም። በ2015 የወጣው ክፍል መንፈሱን በግልጽ ለማሳየት ሞከረ፤ ሃያስያን ክፉኛ ወረዱበት። የመጀመሪያው ፊልም ለተመልካቹ ትቶት የነበረውን ሥራ ኮምፒውተሩ ሲሠራው ለተመልካቹ የቀረለት ሥራ ጠፋ።

የቀረ ፍሬ ግን አለ። ጄሰን ብለም ከዚህ ፊልም የተማረውን የሥራ ዘዴ አደረገው፤ በጀቱን ትንሽ አድርግ፣ ለዳይሬክተሩ ነፃነት ስጥ የሚል ነው። በዚያው መንገድ በ4.5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» በ2018 የኦስካርን የዋና ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። ሃያስያንና የሽልማት ድርጅቶች ዝቅ አድርገው የሚያዩት የነበረው ርካሽ አስፈሪ ፊልም በፊት በር ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሃያሲ ወይ አንድ ጓደኛችሁ «ምንም አይፈጠርም» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። የት ሆነህ አየኸው? ከማን ጋር? በምን ድምፅ? መልሱን ስትሰሙ ስለ ፊልሙ ከሰጠው ኮከብ የበለጠ ታውቃላችሁ። ይህን ፊልም ራሳችሁ ለማየት ካሰባችሁ ደግሞ መብራቱን አጥፉ፣ ደህና ማዳመጫ አድርጉ፣ ስልካችሁን አርቁ። ከዚያም ካልፈራችሁ፣ ከስትራተን ጋር ለመቆም ሙሉ መብት አላችሁ፤ ቢያንስ በትክክለኛው ሁኔታ ለክታችኋል።